ታድሷል፤ አድማሱ መርምሮታል

አያ አድማሱ ጃናሞራን አላታለለም። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚል ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ የሚወራው ተቃራኒው ነው፤ «ያ ፋቂ፣ አሮጌ ማኪና አስገዝቶ የገዛ አገሩን ሰው ጉድ የሠራ» ይሉታል። በቀብሩ ላይ እንኳ፣ ሳጥኑ ገና መሬት ሳይነካ፣ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሰዎች ይህንኑ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

«ምነው ወደ አገሩ አልወሰዱትም?» አለ አንደኛው።

«አገሩ አልቀበልም አለችው።»

«ሬሳውን?»

«ሬሳውን።»

ይህ እውነት ነው። ከሞተ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሕመሙ በጠና ጊዜ፣ ጃናሞራ ውስጥ፣ ከመካነ ብርሃን ግማሽ ቀን በሚያስሄደው መንደሩ፣ አባቱና አያቱ ካረፉበት ደብር ለመቀበር ለምኖ ሰው ላከ። መልእክተኛው በስድስተኛው ቀን ተመለሰ። የሽማግሌዎቹ መልስ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «የአባቶቻችንን አፅም በከንቱ ያስነሣ ሰው ከአባቶቻችን ጎን አይተኛም።» አያ አድማሱ አልጋው ላይ ሆኖ አዳመጠና «ሸጋ ተናግረዋል» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ መቃብር አላነሣም። በአራተኛው ቀን ሞተ፤ አዘዞ ተቀበረ።

የሞቱን ወሬ ያመጣው ሰው ምሳ ላይ አገኘኝ። ምሳዬን ጨረስኩ። እንዲህ ባለ ጊዜ የሰው ጉሮሮ ይዘጋል፣ ጉርሻው ከእጁ ይወድቃል የሚሉ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ። የእኔ አልወደቀም። ሽሮው ጨው በዝቶበት እንደ ነበር ሁሉ አስታውሳለሁ።

አድማሱ የብራና ሰው ልጅ ነው። አባቱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ የፍየል ቆዳ ወጥረው፣ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዳዊትና ተአምር ይጽፉ ነበር። ልጃቸውም በዚያው ሙያ አደገ። አንድ ነገር ባይኖርበት የሚያስከብር ሙያ ነው፤ ቆዳ መፋቅ አለበት። አገራችን መጽሐፉን ተሳልሞ ቆዳውን ያዘጋጀውን «ፋቂ» ብሎ የሚሰድብ አገር ነው። አያ አድማሱ ስድቡን በልጅነቱ ተቀብሎ እንደ ስም ይዞት ኖረ። «አንተ ፋቂ!» ሲሉት «አቤት!» ይላል፣ ከልቡ፣ ሥራ እንደሚጠብቅ ሰው።

ጣሊያን የሊማሊሞን መንገድ ሲቆርጥ ወጣት ነበር። በመጀመሪያ ድንጋይ አሸከሙት፤ ቀጥለው ሩሎ የሚባለውን የመንገድ መዳመጫ ማኪና ግራሶ እንዲቀባ አደረጉት። ጣሊያን ሲወጣ ሩሎው ባለበት ቆሞ ቀረ፤ አድማሱ ግን የብረትን ጠባይ አውቆ ወጣ። አዘዞ ላይ በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ከፈተ። እኔ ሳውቀው ወደ አርባ ዓመቱ ይጠጋ ነበር፤ እኔ ሃያ ስድስቴ ነበር፤ ስለዚህ «አያ» እለው ነበር።

ሌሎች መካኒኮች ማኪና ሲመጣላቸው መጀመሪያ ያስነሡታል። እሱ አያስነሣም። የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቀለሙን በጥፍሩ እየዳበሰ ይዞረዋል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል በአግድም ያየዋል። ብራና እንዲህ ነው የሚታየው። ከብራና ላይ አንድ ስም ተፍቆ ሌላ ሲጻፍበት ቦታው ይሳሳል፤ ብርሃኑን አግድመው ከያዙት የድሮው ፊደል ጥላው ይታያል። መጽሐፉን ያሠራው ሰው ስም ወጥቶ በኋላ የገዛው ሰው ስም የገባበትን ገጽ አባቱ «ፍቅ» ይሉት ነበር። አድማሱ ቃሉን ከብራና አውጥቶ ለዓለም ሁሉ አዋለው። ትውልዱን እስከ ነገሥታት የሚቆጥር አንድ ባላባት ጋራዡ ውስጥ ብዙ ተናግሮ ሲወጣ፣ «ይኸ ትውልድ ፍቅ ነው፤ ከሥሩ ሌላ ሰው ይታያል» አለኝ። የእኔን ኮት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ዕለት ደግሞ ክርኑን በጥፍሩ ነካ አድርጎ፣ «ዘውዱ፣ ከአንተ በፊት በዚህ ኮት ላይ ስንት ሰው ጽፎበታል?» ብሎኛል። ኮቱ ልባሽ፣ ሳልቫጅ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የግራዝማች ይርዳው ጸሐፊ ነበርኩ። ግራዝማች ፒያሳ ላይ ትልቅ መደብር የነበራቸው ነጋዴ ናቸው። ጨውም፣ ጨርቅም፣ ሚስማርም ሸጠው ሲሰለቻቸው መንገድ ሊሠሩ ተነሡ። ከደባርቅ ተገንጥሎ ወደ ጃናሞራ የሚወጣ መንገድ ለመጥረግ ውል ያዙ። ለዚህ ዶዘር ያስፈልጋል፤ አፈርና ድንጋይ እየገፋ መንገድ የሚከፍት ባለ ሰንሰለት ማኪና ነው። አዲስ አዝዞ ማስመጣት ዓመት ይፈጃል። ኤደን ላይ ግን ከጦርነቱ የተረፉ ማኪናዎች ሜዳ ሙሉ ቆመው ገዢ ይጠብቃሉ የሚል ወሬ ሰሙ። አድማሱ ማኪናውን እንዲያይ፣ እኔ እንግሊዝኛውን እንድናገር ሁለታችንን ላኩን።

«ኤደን?» አለ አያ አድማሱ። «አዳም የተባረረባት?»

«ሌላ ናት፤ የዐረብ ወደብ ናት።»

«ይሁን። ያው ተባርረን እንመለሳለን።»

ሲቀልድ ነበር፤ ግን እንደዚያ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ከጎንደር አስመራ፣ ከአስመራ ምጽዋ ስንሄድ መንገዱ ላይ የሚነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የሰው አገር መንገድ ስዳምጥ ጉልበቴ አለቀ። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አባቴ ቤት የሚሄድ ልሥራ።» እኔ እየሰማሁ እተኛ ነበር።

ኤደን ሙቀቷ ሰው ያቀልጣል። እኔ ሸሚዜን እየጨመቅሁ፣ እሱ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ግቢው ደረስን። ሻጩ የየት አገር ሰው እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከእኛ ጋር እንግሊዝኛ፣ ከሠራተኞቹ ጋር ዐረብኛ፣ ሲናደድ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ቋንቋ ይናገራል። ማኪናዎቹ በሙሉ ብሩህ ቢጫ ተቀብተው ተሰልፈዋል። ግራዝማች ከተላከላቸው ፎቶግራፍ የመረጡት ዶዘር ፊት አቆመን። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ስለ ማኪናው የተጻፈ ነገር ሰጠኝ። አንዱን ቃል አላወቅሁትም፤ ከመዝገበ ቃላቴ ፈለግሁት፤ «ወደ ቀድሞ መልካም ሁኔታው የተመለሰ» ይላል።

አያ አድማሱ ወረቀቱን አላየም። በጥፍሩ ዞረው። ከዚያ ከጋቢው ሥር የአባቱን ብራና መፋቂያ አወጣና ከማኪናው ሆድ ሥር ገብቶ ተኛ። ሻጩ ደነገጠ።

«ይኸ ሰው መካኒክ ነው?» አለኝ።

«ጸሐፊ ነው» አልኩት።

«አንተስ?»

«እኔም ጸሐፊ ነኝ።»

ሻጩ ሳቀና ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ አዘዘልኝ።

አያ አድማሱ ከወገቡ በላይ ዘይት ተቀብቶ ወጣ። «ና» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ቀለሙን ፍቆታል። ከቢጫው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር የአሸዋ መልክ ያለው ሌላ ቀለም አለ።

«ሦስት ሰው ጽፎበታል» አለ። «ይኸን ደግሞ እይ፤ ቁጥሩን።» የሞተሩ ቁጥር የተመታበት ብረት ከዙሪያው ዝቅ ብሎ ሰርጉዷል። «ቁጥሩ ተፍቆ ሌላ ተመቷል። ዕድሜውን ደብቀዋል። እሱስ ይሁን፤ እኔም ዕድሜዬን እደብቃለሁ። ይኸን ግን እይ።» መፋቂያውን በሞተሩ ጎን ላይ ጎተተው። ከቀለሙ ሥር ጭቃ የመሰለ ነገር እየተፈረፈረ ወደቀና ፀጉር የመሰለ መስመር ታየ። «ሞተሩ ተሰንጥቋል። ደፍነው ቀብተውታል። ይኸ ማኪና ፍቅ ነው፤ ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ አቀበት ላይ ይሞታል። ለግራዝማች ጻፍላቸው። ፍቅ ነው፣ አይግዙ በል።»

ይህን ሲል ፊቱን አየሁት። በግራዝማች ገንዘብ ከዚያ ግቢ ይዞት የሚወጣ ሌላ ማኪና እንደሌለ፣ ግራዝማች ይህን ካጡ ነገሩን እንደሚተዉት ያውቃል። መንገዱን ከእሱ አብልጦ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ «አይግዙ በል» አለኝ። ጋቢውን አራግፎ ጥላ ፍለጋ ሄደ።

ቴሌግራፍ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። የኤደን ቴሌግራፍ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ነበረብኝ። «ማኪናው ፍቅ ነው» ብዬ ጻፍኩና አየሁት። ፈረንጅ «ቅ» የለውም። ጎንደር የሚቀበለው ሠራተኛ «ፊክ» ብሎ ያነበዋል፤ ትርጉም አጥቶ ራሱ ያርመዋል፤ ግራዝማች እጅ የሚገባው ወረቀት «ማኪናው ፍቅር ነው» የሚል ይሆናል። ፒያሳ ስመለስ የሚጠብቀኝ ሳቅ ታየኝ። ደግሞም ቃሉን ናቅሁት። የጋራዥ ሰው ቃል ነው፤ መዝገበ ቃላት ይዞ ኤደን ድረስ የሄደ ሰው ለግራዝማች የሚጽፈው አይደለም። ተፍቆ እንደገና የተጻፈ ነገር በጨዋ አማርኛ ምን ይባላል ብዬ አሰብኩ። ሻጩ የሰጠኝ ወረቀት መልሱን ይዞልኝ ነበር። ፍቅን ሰርዤ «ታድሷል» ብዬ ጻፍኩ። ግራዝማች አድማሱ አይቶታል ወይ ብለው እንዳይጠይቁ ደግሞ ሌላ ጨመርኩ። ቴሌግራሙ እንዲህ ሆነ፦ «ማኪናው ታድሷል። አድማሱ መርምሮታል።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነው። ለብቻ ለብቻ ብታነቡት የሚነቀፍ የለበትም። «አይግዙ» የሚለውን ለምን እንዳልጻፍኩ ግን እስከ ዛሬ ለራሴም አልተገለጠልኝም። ሻጩ ጉቦ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጉቦ የበላ ሰው ቢያንስ ምክንያት አለው። ለእኔ የሰጠኝ የሎሚ ውኃ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አንድ ቃል ነው፤ «ጫኑ።»

«ፍቅ ነው እያልኳቸው ጫኑ አሉ?» አለኝ አያ አድማሱ።

«አዎ።»

«ደፋር ሰው ናቸው።» መፋቂያውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «እንግዲያ ስንጥቁን እኔ አስታምመዋለሁ።» ፊቱ በራ።

እስከ ቴሌግራሙ ድረስ ያለውን ስሕተት ልትሉት ትችላላችሁ። ያ «አዎ» ግን ውሸት ነበር።

ማኪናው ምጽዋ ወረደ፤ በተሳቢ ተጭኖ በአስመራ በኩል ተከዜን ተሻገረ፤ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ደረሰ። ሥራው ያለው ደባርቅ ነው። ግራዝማች ግን ጎንደር ሳያየው ወደ ሥራ አይገባም አሉ፤ ስለዚህ ደባርቅን አልፎ ጎንደር ድረስ መጣ፣ ተመልሶ ሊሄድ። ካህናት ጸበል ረጩት፤ ሴቶች እልል አሉ፤ ግራዝማች ከተሳቢው ላይ ወጥተው ለሕዝቡ ተናገሩ። ከኪሳቸው ቴሌግራሙን አወጡና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፦ «ማኪናው ታድሷል! አድማሱ መርምሮታል!»

ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ደስታው ከአዲስ ይበልጣል። «ታድሷል» ሲባል እልልታው ቀለጠ። አንዱ ሽማግሌ «ከአዲስ የታደሰ ይሻላል፤ የተፈተነ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

አያ አድማሱ ከተሳቢው ጎማ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወደ እኔ ዞረ። ብራና እንደሚያይ አንገቱን ዘመም አድርጎ አየኝ፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ተሳቢው ላይ ወጥቶ ማኪናው የታሰረበትን ሰንሰለት ማጥበቅ ጀመረ። ማታውኑ ወደ ጃናሞራ ለሚሄድ ነጋዴ «ቆዩ፣ ምንም አታድርጉ በላቸው» ብሎ መልእክት እንደ ላከ የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

ምንም አታድርጉ ያለው በምክንያት ነው። ቀያሾች ቀደም ብለው ኖራ በተቀባ ድንጋይ የመንገዱን መስመር አመልክተው ነበር፤ መስመሩ የአድማሱን መንደር ደብር መካነ መቃብር በጠርዙ ይቆርጠዋል። የመንደሩ ሰዎች ከራሳቸው ወገን እየቆፈሩ ማኪናውን ሊቀበሉት ይፈልጋሉ፤ ለዚህ ወደ ሃያ የሚጠጋ መቃብር መነሣት አለበት። ሲከራከሩ ከርመዋል። በአንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሁለት ነገር ደረሳቸው። አንዱ ከአድማሱ በነጋዴ አፍ የመጣ «ቆዩ» የሚል ቃል ነው። ሁለተኛው በግራዝማች ፈረሰኛ የመጣ ወረቀት ነው፤ ማኪናው ታድሷል፤ አድማሱ መርምሮታል። ሰዎቹ ወረቀቱን አመኑ። ከአፍ ይልቅ የተጻፈ እንዲያምኑ ያስተማሯቸው የአድማሱ አባት ናቸው። «አድማሱ ከመረመረውማ» አሉ። አፅሙን በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልለው፣ ፍታት አድርሰው፣ ከደብሩ ኋላ በአንድ ጉድጓድ አኖሩት። ማን የማን አባት እንደ ሆነ ከዚያ ወዲያ የሚለይ የለም።

ማኪናው ሁለት ወር ከምናምን ሠራ። በፈላ ቁጥር በስንጥቁ ውኃ ያፈስሳል። አያ አድማሱ ራዲያተሩ ውስጥ በሶ ይጨምርበታል፤ የገብሱ ዱቄት በሙቀቱ እየላቆጠ ስንጥቁን ይደፍነዋል። በየሦስት በየአራት ቀኑ አጥቦ እንደገና ያበላዋል። ዶማ የያዙት የቀን ሠራተኞች ይህን የመሰለ ጨዋታ ከየት ያገኛሉ?

«አያ አድማሱ፣ ልጅህ ቁርሱን በላ?»

«በላ፤ ያንተን ድርሻ ጭምር።»

«ዓርብ ነው እኮ! ምነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም?»

«ፈረንጅ ነው፤ አልተጠመቀም።»

«ተጠምቋል እንጂ! ጎንደር ላይ ጸበል ሲረጩት እኔ ነበርኩ።»

እኔ የሠራተኛ መዝገብ ለመያዝ በየሳምንቱ እወጣ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ አያ አድማሱ አብሮ ይስቃል፤ እጁ ግን ከሞተሩ ጎን አይነሣም፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ። ከእኔ ጋር ስለ ቴሌግራሙ አልተነጋገረም። እኔም አላነሣሁም።

በመጨረሻ የጃናሞራ ሰዎች የሚቆፍሩበት ጩኸት ከማዶ የሚሰማበት ገደል ላይ ደረስን። እነሱ ማኪናውን ሰምተው ፉጨት ያሰማሉ፤ የእኛዎቹ ይመልሳሉ። በመካከል የቀረው አንድ ክፉ አቀበት ነበር። ማኪናው አቀበቱን ጀመረው፤ ግማሹን ወጣ። ከዚያ የሸክላ ገል ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ተሰማ፤ ትልቅ አልነበረም። በሶ የተቀላቀለበት የፈላ ውኃ በጎኑ ወረደ። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ተከፍሎ ነበር። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልቆሰለም። ከማዶ ፉጨቱ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ ከእኛ ወገን መልስ የሚሰጥ አልነበረም።

ግራዝማች መጥተው አዩት፤ በቅሏቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ነው ያዩት። በዚያው ወር ፊታቸውን ወደ ሳንጃ ሰሊጥ ንግድ አዞሩ። ማኪናው አሁንም እዚያው ነው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አራት የጃናሞራ ሽማግሌዎች ጎንደር መጥተው ግራዝማች ቢሮ ገቡ። አያ አድማሱ ተጠርቶ መጣ። እኔ ጽሕፈት መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ቄስ ፈንታ የሚባሉ፣ ከአድማሱ አባት ዳዊት የተማሩ ሰው ነበሩ። ያን ወረቀት ከመጠምጠሚያቸው እጥፋት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«አድማሱ፣ ይኸ ያንተ ስም ነው?»

«ነው።»

«ማኪናውን መርምረኸዋል?»

«መርምሬዋለሁ።»

«ታድሷል ወይስ አልታደሰም?»

አያ አድማሱ ወረቀቱን በጥፍሩ ዳበሰ። «ታድሷል» አለ።

«ምነው ታዲያ ሞተ?»

ቄስ ፈንታ ወረቀቱን ወደ አድማሱ ገፉት። «እኛ ላንተ ብለን አባትህን አነሣን» አሉት። «ከሃያው አንዱ አባትህ ናቸው። አስተማሪዬ ናቸው። በእጄ ነው የጠቀለልኳቸው። አንድ ቃል የለህም?»

«የለኝም፣ አባ።»

እኔ ከሦስት ክንድ በማይበልጥ ርቀት ላይ ነበርኩ። ጽሕፈት መኪናው ውስጥ ግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። እነሱ ሲወጡ ደብዳቤውን ጨረስኩት፤ ስለ ሰሊጥ ጆንያ ነበር። ጸጸት ሰውን ይበላል፣ እንቅልፍ ይነሣል የሚሉትንም አላምንም። እኔ በደንብ ተኝቻለሁ፤ ወፍሬአለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እውነትና ስለ ሕሊና ብዙ ጽፌ ተመስግኜበታለሁ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄዋለሁ። ከዓመታት በኋላ፣ አዘዞ ጋራዡ ውስጥ፣ የአንድ አውቶቡስ ሞተር ፈትቶ ነበር።

«ያን ዕለት ምነው ዝም አልክ? ዘውዱ ነው የጻፈው ብትል?»

ራሱን ቀና አላደረገም። «ምን ልበል? ሁለቱም ቃል እውነት ነበር። እውነት ቃል እንዴት ይፋቃል?»

«አይግዙ ማለትህን መናገር ትችል ነበር።»

«ብያለሁ። ግን ከኤደን ጀምሮ ስንጥቁን አውቀው ነበር። ቴሌግራሙ ጎንደር ላይ ሲነበብ ያደረግኸው ገባኝ። በዚያው ዕለት በቅሎ ተከራይቼ አገሬ መግባትና አትንኩ ማለት ነበረብኝ። መልእክት ላክሁ። ራሴ አልሄድኩም፤ ማኪናውን ላስታምም ቀረሁ። ምናልባት ይደርሳል አልኩ። አንተ አንድ ቀን ጻፍክ፤ እኔ ሁለት ወር በሶ አበላሁ።» ጨርቁን አንሥቶ እጁን ጠረገ። «ደግሞ አንተ ብትወቀስ ምን ይመለሳል? አፅሙ ተነሥቷል። ያን ቁልፍ አቀብለኝ።»

አቀበልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንበትም።

ይህ የእሱ ፍርድ ነው፤ ትክክል አይደለም። ሁለት ወር ያስታመመ ሰውና አንድ ቀን የዋሸ ሰው እኩል አይደሉም። ሽማግሌዎቹ አፅሙን ያነሡት በማኪናው ሥራ አይደለም፤ በወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ያለውን ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ አላለቅስም፤ እንባ ስላልመጣ ደግሞ ነገሩ አነስተኛ አይሆንም።

አርባው ገና ሃያ ስምንት ቀን ይቀረዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ደባርቅ የምትሄድ፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራ የምትወጣ ወይም የሚወጣ ሰው የምታውቅ አንባቢ ትኖራለህ። ጽሑፉን ወደድኩት ብለህ ደብዳቤ አትጻፍልኝ። ይህን ገጽ ቀደህ አውጣው። ለቄስ ፈንታ፣ እሳቸው ከሌሉም ለደብሩ ካህናት አድርስ፤ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ በሕዝቡ ፊት ጮክ ብለው ያንብቡት። የተጻፈ ያምናሉ። የሟቹ የክርስትና ስም ገብረ ሕይወት ነው፤ በጸሎት ያስቡት፤ አፅሙንም ከአዘዞ አንሥተው አባቱ ካሉበት ጉድጓድ ያግቡት። አንባቢው ቄስ እኔን አፍረው ሊያልፉኝ ቢሞክሩ አጠገባቸው ቁምና ዘውዱ የሚለውን ስም እንዳይዘልሉ አድርግ።